የንቦቹ ገንቦ

አንኮበር ይኖሩ የነበሩት አጎቴ ማር በቆረጡ ቁጥር አንዲት ገንቦ ሞልተው ለንቦቻቸው ያስቀምጡ ነበር። የክብር እንግዳ ቢመጣ እንኳ ከእሷ አይቀዳም። ክረምት ገብቶ አበባ ሲጠፋ ጎረቤቶቻቸው ለንቦቻቸው ስኳር በጥብጠው ይሰጣሉ። እሳቸው ግን "የሰጡንን ነው የምንመልስላቸው፤ የሱቅ ስኳር ምናቸው ነው?" ይሉ ነበር።

አምና ክረምት ሲታመሙ ንቦቹን የማበላው እኔ ሆንኩ። ሳምንቱን ደብረ ብርሃን ስሠራ ከርሜ፣ ቅዳሜ በጭቃው ስደርስ እግሬ አይታዘዘኝም። አንድ ቀን ገንቦዋን ከቆጥ ማውረድ ታከተኝና፣ ለራሴ ሻይ የያዝኩትን ስኳር በጥብጬ ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎችም እንደዚያው አደረግሁ።

"ምን ሰጠሻቸው?" አሉኝ መደባቸው ላይ እንደተኙ።

"ማር ነዋ፣ ጋሼ።"

ኅዳር ላይ ከአዲሱ ማር አቀመስኳቸው። አፋቸው ውስጥ ይዘውት ቆዩና ማንኪያውን መለሱልኝ።

"ደክሞሽ ነበር" አሉኝ።

ዘንድሮ እሳቸው የሉም። ዛሬም ደክሞኝ ነው የደረስኩት። ቢሆንም ገንቦዋን አውርጄ፣ ማሩን በውኃ በጥብጬ ለንቦቹ ሰጠኋቸው። ከዚያ ገብቼ ባዶው መደብ አጠገብ ቆምኩ። ምን ሰጠሻቸው የሚለኝ ግን የለም።