ጠላ ያልነካው በርሜል

መርሳ ከተማ ውስጥ ሙስሊም ጎረቤት ክርስቲያን ሰርግ ላይ የሚጠጣውን ቀሪቦ ቀድማ የምትቀምሰው ክርስቲያኗ አስካለ ነበረች። ለእንግዳ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ግን እስቲ አስቡት፤ ቀሪቦ ከተቆላ ገብስና ከስኳር የሚዘጋጅ፣ ጥቁር፣ የማያሰክር መጠጥ ነው። ብዙ ቀን ከቆየ ግን ድምፁን አጥፍቶ ይፈላና ያሰክራል። መፍላቱን የሚለየው ደግሞ የፈላ ነገር የሚያውቅ ምላስ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጠላ ያልቀመሰ ሰው በምኑ ይለየዋል? ስለዚህ የመርሳ ሙስሊሞች ሰርግ ተጠርተው ሲሄዱ «አስካለ ቀምሳዋለች?» ብለው ይጠይቃሉ። ቀምሳዋለች ከተባሉ ቢስሚላህ ብለው ይጠጣሉ።

አስካለ ከጉባ ላፍቶ ደጋ ለትዳር ወደ መርሳ የወረደች፣ ባሏ ሲሞትባት መናኸሪያው አጠገብ ጠላ እየሸጠች የኖረች ሴት ናት። አፏ አያምርም። ጠላው ያልጣማትን ቤት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ አታልፈውም፤ «ጌሾሽ በዝቶ አፌን አሰረው» ትላለች፣ ባለቤቲቱ ደጅ ላይ ቆማ እየሰማች። በዚህ የተነሳ የሚያኮርፏት ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ግን ድግስ ሲደርስ ኩርፊያውን ዋጥ አድርገው የሚጠሩት እሷኑ ነው። የማታሞጋግስ ሴት «ጥሩ ነው» ካለች፣ ጥሩ ነው።

ይህን ሹመት የሰጧት ልብስ ሰፊው አያ አብዱሰመድ ነበሩ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰርግ ላይ ቀሪቦው ሲቀርብላቸው ጠጋ ብለው ሳያፍሩ ጠየቋት፤ «አስካለ፣ ይኼ ነገር ይይዛል አይይዝም? አንቺ ታውቂያለሽ።» እሷም መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና «ነገ ይይዛል፤ ዛሬ ይጠጡት» አለቻቸው። እሳቸው ጠጡ፣ ሌላውም ተከተለ፣ ነገሩ በዚያው ልማድ ሆነ። የወንድማቸው ልጅ አብዱልሐሊም ብቻ አልወደደውም። ሱቅ ያለው፣ ሃይማኖቱን አጥብቆ የያዘ ጎልማሳ ነው። «አጎቴ፣ የኛን ሐላል የምትመሰክረው ጠላ ሻጭ ናት?» ይል ነበር። እውነት ለመናገር፣ ጥያቄው ጥያቄ ነው። አያ አብዱሰመድ ግን «ሌባን የሚያውቀው ዘበኛ ነው» ብለው ይስቁበታል።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ግርግር በኋላ በመጣው ጥር የአስካለ ጎረቤትና የልብ ወዳጅ አለሚቱ ልጇን አበባውን ልትድር ተነሳች። አለሚቱ ደግሞ ለሙስሊም ጎረቤቶቿ ስስት የማታውቅ ሴት ናት። በሬያቸው በራሳቸው እጅ ይታረዳል፣ ዳሳቸው ከጥላው በኩል ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ያሳስባታል፤ የቀሪቦው ዕቃ። ቤቷ ያለው ጋን ሁሉ ጠላ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ የሸክላ ሆድ ደግሞ የጠጣውን አይረሳም። በጀሪካን እንዳታደርገው ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። በዚህ ስትብሰለሰል ወንድሟ ብርሃኔ ከጅቡቲ መጣ።

ብርሃኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከወደብ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። የዚያን ዕለት ያወረደው ወገቡን በብረት ቀለበት የታሰረ፣ ሆዱ የተነፋ የእንጨት በርሜል ነበር። አለሚቱ ውታፉን ነቅላ አሸተተችው። ጭስ ጭስ፣ ማር ማር ይላል። ደስ አላት። ጠላ ያልነካው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ያውም በወይራ የታጠነ የመሰለ ዕቃ። ለአያ አብዱሰመድና ለቤተሰባቸው ከዚህ የበለጠ ክብር ከየት ይመጣል? አስካለንም ጠርታ አሳየቻት። አስካለ በጣቷ አንኳኳችና «ጠላ አልነካውም፣ ይሁን» አለች። በውስጡ ምን እንደነበረ ብርሃኔን የጠየቀው ሰው የለም፤ እሱም አልተናገረም። በርሜሉን በፈላ ውሃ አለቀለቁት፣ ገብሱን ጥቁር እስኪል ቆልተው አፍልተው ቀሪቦውን ሞሉበትና ከደኑት።

የሰርጉ ዋዜማ አስካለ ልትቀምስ መጣች። በብርጭቆ ቀድታ ወደ ብርሃን አነሳችው፤ ጥቁር ነው፣ ዳር ዳሩ ቀላ ይላል። አረፋ የለውም። ቀመሰችው። መጀመሪያ የተቆላው ገብስ ምሬት መጣ፣ ቀጥሎ ያረረ ስኳር፣ ከዚያ እንጨት፣ ከዚያ ደግሞ ስም ያጣችለት ጣፋጭ ነገር። መጨረሻ ላይ ጉሮሮዋን ሞቅ አደረጋት። እዚህ ላይ ቆም አለች። ደግማ ቀመሰች።

አስካለ የምታውቀው ሕግ አንድ ነው፤ በቤት የሚጠመቅ መጠጥ ሳይጎመዝዝ፣ ሳያረፋ አያሰክርም። መፍላት ምልክት አለው። ይኼ አልጎመዘዘም፣ አላረፋም። ሙቀቱን ለእንጨቱ ሰጠችውና «አለሚቱ፣ እንዲህ ያለ ቀሪቦ ቀምሼ አላውቅም» አለቻት። «ይጠጣል?» «ያለ ሐሳብ ይጠጣል።» አለሚቱ እልል ማለት ብቻ ቀራት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ አስካለም ቃሏን ሰጥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሙሽራው ሙሽሪትን ሊያመጣ ከሚዜዎቹ ጋር ወልድያ ሄደ። ዳሶቹ ሞሉ። ጥላው ስር ባለው ዳስ አያ አብዱሰመድ ከነቤተሰባቸው ተቀምጠዋል፣ አብዱልሐሊምም ከጎናቸው ነው፤ እህል ቀርቧል። ጓዳ ውስጥ አስካለ ለሽማግሌዎቹ ጠላ እያጠለለች ሳለ ብርሃኔ አንድ ጠርሙስ ይዞ ገባ።

«እትዬ አስካለ፣ ሲደክሙ ነው ያደሩት። እስቲ ይቺን ለጉሮሮዎ።»

«ምንድን ነው?»

«ውስኪ ነው። የፈረንጅ።»

አስካለ የጠርሙስ መጠጥ አትወድም። እምቢ ማለት ነውር ሆኖባት ብቻ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። በዚያው ቀረች። ጭስ፣ ያረረ ስኳር፣ እንጨት፣ ያ ስም ያጣችለት ጣፋጭ ነገር። ከንፈሯን ነካ አደረገችበት፤ ጉሮሮዋን ሞቅ አደረጋት። ትናንት ለእንጨቱ የሰጠችው ሙቀት ነው።

«ብርሃኔ፣ ያ በርሜል ምን ነበረበት?»

«የቱ? እህ፣ እሱማ የውስኪ በርሜል ነው። ግን ባዶ ነው እኮ እትዬ፣ ካለቀ ቆይቷል።»

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። አስካለ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወደ በርሜሉ ሄደች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ቀመሰች። አሁን ስሙን ስላወቀችው ሌላ ጣዕም አልተገኘበትም። እንጨቱ ለዓመታት የጠጣውን ውስኪ በሦስት ቀን ውስጥ ለቀሪቦው መልሶ ሰጥቶታል። መጎምዘዝ የለ፣ አረፋ የለ፤ መጠጡ አልፈላም፣ ከበርሜሉ ግድግዳ ነው የተቀበለው። ዕድሜዋን ሙሉ የተማመነችበት ሕግ ለጋን እንጂ ለዚህ ዕቃ አይሠራም ነበር።

አለሚቱ ከደጅ ገባችና ፊቷን አይታ ደነገጠች። አስካለ ነገረቻት። አለሚቱ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት የጓዳውን መጋረጃ ዘጋችው።

«ሽታው ነው» አለች። «ሽታ ሰው አያሰክርም።»

«ሽታ አይደለም። ጉሮሮ ይይዛል።»

«አንቺ ራስሽ ትናንት ጥሩ ነው አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ አንቺ ያልለየሽውን ማን ይለየዋል?» አለሚቱ የአስካለን ሁለት እጆች ያዘች። «እቴ፣ በእመቤቴ፣ ዛሬን ብቻ ይለፍልኝ። ሙሽሪት መንገድ ላይ ናት። ዛሬ እነሱ ተነስተው ቢሄዱ ልጄ ባዶ ዳስ ነው የሚገባው፤ የአለሚቱ ቤት ለእስላም ውስኪ አጠጣ ተብሎ እስከ ልጅ ልጅ ይቀራል። ነገ እኔው ራሴ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።»

አስካለ ሰው ናትና ፈራች። አለሚቱ ስለራሷ ነው የምትለምነው፤ አስካለ ግን የራሷንም ቆጠረች። ዛሬ ከተናገረች ምላሷ አበቃለት፤ «አንድ ጊዜ የተሳሳተች ስንቴ አጠጥታን ይሆን?» ይባላል፣ ያለፉት ሰርጎች ሁሉ ይጠረጠራሉ። ዝም ካለች ደግሞ የሚያውቅ የለም። አያ አብዱሰመድ ውስኪ ቀምሰው አያውቁም። እንዲያውም ጥሞአቸው ይመርቋት ይሆናል።

ያልቻለችው ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ነው። መርቀዋት ያውቃሉ፤ «ምላስሽን አላህ ይጠብቅልሽ» ብለዋት ያውቃሉ። ይህን ምርቃት ውስኪ አጠጥታ መቀበል አልሆነላትም። እጇን ከአለሚቱ እጅ አስለቀቀችና «ጆጎቹን አስቀምጡ፣ አይውጣ» አለች።

«ወጥቷል» አለች አለሚቱ ቀስ ብላ። «የመጀመሪያው ወጥቷል።»

አስካለ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወደቀ ግቢውን አቋርጣ ሮጠች። ሐሳቧ ወደ አያ አብዱሰመድ ጆሮ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ልትነግራቸው ነበር። ዳሱ ደጃፍ ስትደርስ ግን ብርጭቆው ሁሉ ተሞልቷል፣ ሰው ሁሉ አንስቷል፣ የአያ አብዱሰመድ ብርጭቆ ደግሞ ከግማሽ በታች ወርዷል። ለሹክሹክታ ጊዜ አልነበረም።

«አያ አብዱሰመድ፣ ያስቀምጡት። ሁላችሁም አትጠጡት። ውስኪ አለበት።»

ብርጭቆዎች አንድ በአንድ መሬት ነኩ። አብዱልሐሊም የራሱን ከአፉ አጠገብ መለሰው፤ አጎቱን አየ፣ የአጎቱን ብርጭቆ አየ፣ ከዚያ አስካለን አያት።

አያ አብዱሰመድ አልተቆጡም፤ ለአስካለ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ፂማቸውን በመሐረብ ጠረጉና እንደ ዳኛ ይጠይቋት ጀመር።

«አልቀመስሽውም ነበር?»

«ቀምሼዋለሁ። ትናንት።»

«ታዲያ?»

«አልለየሁትም። በርሜሉ የውስኪ ኖሯል። አሁን ነው ያወቅሁት።»

«የቤቱ ሰው ያውቅ ነበር?»

ከኋላዋ አለሚቱ ቆማለች፤ ሳታያት ትንፋሿን ሰማችው። አስካለ አንድ ቃል ብትናገር ጥፋቱን ማካፈል ትችል ነበር።

«ጠላ ያልነካው ዕቃ ይሁንላቸው ብላ ነው ያደረገችው፤ ለክብራችሁ። ይጠጣል ብዬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የምላሴ ነው።»

አብዱልሐሊም ተነስቶ ጫማውን ፈለገ። «አጎቴ፣ ስል አልነበረም? እንሂድ» አለ። ከኋላው ሌሎች ሦስት አራት ሰዎች ተነሱ። ከመንገዱ ማዶ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ፤ የሙሽሮቹ አጃቢ መርሳ መግቢያ ደርሷል። አለሚቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዳሱ አሁን ከተፈታ የሚፈታው ዳሱ ብቻ እንዳልሆነ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከእንግዲህ ማን የማንን ሰርግ ይበላል?

አያ አብዱሰመድ ግን አልተነሱም። «ሳያውቁ የዋጡትን አላህ ይምራል» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። ከዚያ ቀና ብለው «አፋችንን እንጉመጥመጥ፣ ውሃ አምጪ» አሏት።

አስካለ ውሃ በአዲስ ጆግ ይዛ ተመለሰች። አያ አብዱሰመድ ውጭ ወጣ ብለው ተጉመጠመጡ፣ ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡ፣ ንጹሕ ብርጭቆ አስመጡ። አስካለ ልትቀዳላቸው ጎንበስ ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

«ቅመሺልኝ» አሉ።

«አያ አብዱሰመድ፣ ውሃ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ቅመሺልኝ።»

የቆሙት ሰዎች ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ አዩ። አስካለ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። እንባዋ ይወርድ ነበር፣ አልጠረገችውም። «ውሃ ነው» አለች።

«ቢስሚላህ» ብለው አያ አብዱሰመድ ብርጭቆውን እስከ ሥሩ ጠጡት። ከዚያ ከጎናቸው ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። አብዱልሐሊም ጥሩንባው ግቢው ደጃፍ ሲደርስ ጫማውን አስቀመጠ፣ ተቀመጠ፣ አስካለን ሳያያት ብርጭቆውን ዘረጋ።

«ለእኔም ቀምሰው ይስጡኝ፣ እትዬ» አላት።