በሎሚ የታሸችው ቦርድ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከቤቴ ትይዩ የሚኖረው ሳምሶን አሮጌ የኮምፒውተር ቴፕ ማሽን ይጠግናል። ድሮ መሥሪያ ቤቶች መረጃቸውን በጥቅል ቴፕ የሚያኖሩበት፣ ቁም ሣጥን የሚያክል ብረት ነው። ምን እንደሚያደርግለት እሱ ይወቅ። ባለፈው ቅዳሜ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ከማሽኑ ሆድ የወጣች የአንዷን ቦርድ መሰኪያ፣ ወርቃማ ጥርሶቿን፣ በላጲስ ሲያሽ አየሁትና እግሬ ቆመ።

በወጣትነቴ ሾላ ገበያ ተሸካሚ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ ወዲህ ነው፤ ያኔ ከጀርባዬ በቀር የማከራየው አልነበረኝም። ጋሽ ዘለቀ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ እዚያው ሱቅ ነበረው። አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ማሽን እንዲያስነሳለት ሰጥቶት፣ አንዷ ቦርድ ተቃጥላ አስቸገረችው። የማሽኑ አምሳያ ደግሞ ለቁራሌ ተሸጦ፣ ብረቱ ተወስዶ፣ ቦርዶቹ እንጦጦ ላይ ተበትነዋል ተባለ።

የተቃጠለችውን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ «ቁጥሩን አታነብ፣ መልኳን ያዝ። መንትያዋን ካመጣህልኝ ከሸክም አወጣሃለሁ፤ እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ» አለኝ።

ወንበር! ጀርባው ያልተላጠ ሰው ይህ ቃል ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

ነሐሴ ነበር። በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ሽቅብ ወጣሁ። ጭቃው ጫማዬን እየነጠቀኝ፣ ባሕር ዛፉ አንገቴ ላይ እያንጠባጠበ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ ቤት ለቤት ጠየቅሁ። ኪዳነ ምሕረት አጠገብ የአንዲት አሮጊት ዶሮ ቤት ግድግዳው በሙሉ ቦርድ ነው። የያዝኳትን እያስጠጋሁ ሳመሳስል መንትያዋ ተገኘች።

«ነቅለህ ስትወስዳት ሸለምጥማጥ ቢገባስ? አንተ ታድርልኛለህ?» አሉ አሮጊቷ።

ጭራሮ ሰብስቤ ቀዳዳውን ስደፍንላቸው ዋልኩ።

ቦርዷን ኩስ ለብዷታል። ሾላ ላይ ነሐስም ሆነ መዳብ ሳያሹ ለገዢ ማቅረብ ያሰድባል። እንደ ልማዳችን በሎሚና በደቃቅ አመድ አሸኋት፣ አለቀለቅኋት፣ ፀሐይ ብቅ ባለ ቁጥር አሰጣኋት። ጥርሶቿ አበሩ።

ጋሽ ዘለቀ አገላብጦ አያት። «ምን አደረግሃት?»

«አጠብኳት ጋሼ፣ በሎሚ።»

«በሎሚ!» ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። «ኑ እዩልኝ! ኮምፒውተር በሎሚ ያጠበ ጉድ!»

«ሚጥሚጣስ አልነሰነስክባትም?» አለ በርበሬ ሻጩ። ገበያው ሳቀ።

ጋሽ ዘለቀ በቦርዷ ቀዳዳ ሲባጎ አስገብቶ አንገቴ ላይ አንጠለጠላት። «ተመርቀሃል። በል እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ዲግሪህን አሳይ።»

ሄድኩ። ስቆ ሲጠግብ ያስገባኛል ብዬ ነው። ወያላዎቹ «ዶክተር!» እያሉ አጨበጨቡልኝ። ስመለስ ቦርዷን ከአንገቴ አወለቀና በሩን አሳየኝ።

ከቀናት በኋላ ሽንኩርት ተሸክሜ በዚያ ሳልፍ ሱቁ ክፍት ነው። የማሽኑ ጥቅሎች ይሽከረከራሉ። ሆዱ ውስጥ ያቺ የኔዋ ታበራለች።

«ጋሼ፣ ተነሳ?»

«ተነሳ።»

«እኔስ?»

«የፈለግሁት ቦርዷን ነው። እለፍ፣ መንገድ ዘጋህ።»

ሽንኩርቱን አደረስኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ይህን ሁሉ ዘመን፣ ያበላሸኋትን እሱ ጠግኗት ነው የሠራችው ስል ኖርኩ። አፍሬም ኖርኩ። ቅዳሜ ግን ሳምሶንን፣ «ለምንድን ነው የምታሻት?» አልኩት።

«ጥርሷ ከቆሸሸ ማሽኑ አይነሳማ ጋሼ። ማንም ጠጋኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ይሄንን ነው።»

ማንም ጠጋኝ። እንግዲያው ጋሽ ዘለቀም ሲባጎውን ሲያስር ያውቅ ነበር። ባለማወቅ የሳቀብህን ሰው ትረሳዋለህ፤ እያወቀ የሳቀብህን ግን ምን ታደርገዋለህ? ሲሞት ከኀፍረቴ የተነሣ ለቅሶ አልደረስኩም፣ የሾላ ሰው ተቀይሞኛል። የሞተው ዛሬ ቢሆን ኖሮም አልሄድም ነበር።

«ሌላ ቦርድ የት ይገኝ ይሆን ጋሼ?» አለኝ ሳምሶን።

«እንጦጦ፣ ዶሮ ቤት ውስጥ።»

ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። ልጁ ክፉ አይደለም። ቢሆንም በሬን ዘጋሁበት።