ከጥዱ ሥር ያለው ጥቁር አፈር

ፍሪጁን የከፈትኩት ቲማቲም ላወጣ ነበር። ከቲማቲሙ ጎን በፌስታል የታሰረ አፈር ተደርድሯል። ልጄ ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ናት፤ በደን አፈር ውስጥ የሚኖሩትን፣ በዓይን የማይታዩትን ጥቃቅን ተሕዋስያን ታጠናለች። ገላን ኮንዶሚኒየም ካለው ቤታችን በጠዋት ወጥታ ማታ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ ትመለሳለች።

«እማዬ፣ እንዳትነኪያቸው፤ እያንዳንዱ ከተለያየ ጥልቀት የወጣ ነው» አለችኝ። «ላይኛው ላይ ቅጠል የሚያበሰብሱት ይበዛሉ። ወደ ታች ሲወረድ እየቀነሱ ይሄዳሉ። እታች አየር ሳያገኙ የሚኖሩም አሉ።»

«የታቹን ማን ያወጣዋል?»

«እኔ ነኛ። ጉድጓድ ቆፍረን እገባለሁ።»

ቲማቲሙን መልሼ አስቀመጥኩት።

ልጅ ሆኜ፣ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ከአቃቂ ወጣ ብሎ በነበረ ችግኝ ጣቢያ የቀን ሥራ ገባሁ። ሥራችን ፕላስቲክ ውስጥ አፈር መሙላት ነበር። የእኛ ሰፈር መረሬ አፈር ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ማጣበቂያ ነው። ስለዚህ ከዳገቱ ጥዶች ሥር ጥቁሩን አፈር በማዳበሪያ ከረጢት እያመጣን እንቀላቅልበታለን። የደን አፈር ያልቀመሰ ችግኝ ይቀጭጫል ይሉ ነበር። ነጭ ክር የሚመስል ነገር ያለበት ሲሆን ደግሞ ፎርማናችን ጋሽ ተካ ፊታቸው ይፈታል። ያ ክር ሕይወት እንዳለው ያኔ ማን ነግሮን።

አብራኝ የምትሄደው ዘይነባ ነበረች፤ ወላጆቿ ከወሎ የመጡ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ። መንገድ ላይ በሶአችንን ጨብጠን እየበላን እንወጣለን። በአንዱ ዓመት ሰኔ ግን፣ ላይ ላዩ ጥቁር አፈር ተጠርጎ አልቋል። የቀረው ጎርፍ ከቆረጠው ቦረቦር አፋፍ፣ ከዛፍ ሥሮች በታች ነው። ወደ ጎን እየቦረቦርን እንደ ዋሻ አደረግነው። እሷ ተንበርክካ ገባች፤ እኔ ውጭ ከረጢቱን ይዣለሁ። ካፊያ ጀመረ።

«ዘይነባ፣ በቃ ውጪ። ሥሩ ተንጠልጥሏል።»

«አንቺ ፈሪ፣ አይጥ ብታዪ የአቃቂን ወንዝ በዋና ትሻገሪያለሽ። ይልቅ ከረጢቱን በደንብ ክፈቺው።»

አፋፉ ሲናድ ብዙም አልጮኸ። ሰው ከባድ ጆንያ ከትከሻው ሲያወርድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ብቻ። ከዚያ ዝምታ። የሚታየኝ የኮንጎ ጫማዋ ተረከዝ ነበር። ያዝኩና ጎተትኩ። ጫማው ብቻ እጄ ላይ ቀረ።

መጮኼን አላስታውስም። በጥፍሬ መጫሬን ግን እስከ ዛሬ ጣቶቼ ያውቁታል። መጀመሪያ ቅጠሉ ወጣ፣ ቀለል ያለ፣ ሞቅ ያለ። ከዚያ ጥቁሩ ከነነጭ ክሩ። ከዚያ ቡናማው፣ እንደ ውኃ የሚቀዘቅዘው፣ ክርም ትልም የሌለበት። እሱ ጋ ስደርስ ሞታለች አልኩ። ፀጉሯን ነካሁ። ፊቷን ስገልጠው አፏ አፈር ሞልቷል። በጣቴ አወጣሁላት። ትንፋሿን ስትስብ የደረቀ ቆዳ ሲቀደድ ይመስል ነበር።

«ከረጢቱ ሞላ?» አለችኝ ቆይታ። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን እስካሁን አልሳቅኩበትም። ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ሱቅ አላት፤ ባየችኝ ቁጥር «ፈሪዋ መጣች» ትላለች።

ይህን ለሜሮን ነገርኳት።

«እማዬ፣ የእኛ ጉድጓድ እኮ እስከ ወገብ ነው።»

«ዘይነባም ተንበርክካ ነበር።»

ከላይ ሰው ሳይቆም እንዳትገባ፣ ስትወጣም እንድትደውል ቃል አስገባኋት።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። ወደ ጉድጓዱ የሚወስዳት ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ በመስኮት አየኋት። ከዚያ ወዲህ እጄ ሥራ አልያዘም፤ ፍሪጁን እየከፈትኩ የታችኛውን አፈር አያለሁ። አየር የማይፈልጉት እዚያ ይኑሩበት፣ ምን ተዳዬ። የእኔ ልጅ ግን ትፈልጋለች።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«ወጣሁ፣ እማዬ» አለች።

«እሺ የኔ እናት። አሁን ምንም አታውሪ፤ ዝም ብለሽ ተንፍሺልኝ።»