ሲስተር ሳሙና ያልገቡበት ክፍል

ከአማቴ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተያየን ቀን፣ እሳቸው ያዩት ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው። እኔ የጋራዥ ሰው ነኝ። ያን ቀን በሳሙናም በአሸዋም ፈትጌው ነበር፤ ግን የሞተር ዘይት ጥፍር ሥር ከገባ እንደ መጥፎ እንግዳ ነው፣ ሂድ ቢሉት አይሄድም። «ግባ ልጄ፣ ቧንቧው በስተግራ ነው» አሉኝ። ሰላምታው የመጣው ከታጠብኩ በኋላ ነው። ልጃቸው፣ ማለትም የዛሬዋ ባለቤቴ፣ በሩ ላይ ቆማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር።

በሚሠሩበት ሆስፒታል «ሲስተር ሳሙና» ይሏቸዋል፤ ከኋላቸው ነው እንጂ ፊት ለፊት የሚደፍር የለም። ድሮ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ኋላ የጥራት ክፍል ሲከፈት አለቃውም ሠራተኛውም እሳቸው ብቻ ሆኑ። ሥራቸው መለካት ነው፦ የወለደች እናት ቁስሏ አመረቀዘ ወይ፣ በሽተኛው ምን ያህል ወረፋ ጠበቀ፣ ሐኪሙ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲያልፍ እጁን ታጠበ ወይ። «ያልለካኸውን አሻሻልኩ ብትል ማን ያምንሃል?» ይሉኛል። እኔም የጎማ ንፋስ በዓይናቸው ለክተው የሚሞሉ ሰዎች ስለማውቅ አልከራከራቸውም።

አንድ ሰሞን የእጅ መታጠብ ቆጠራቸው እንደ ጉድ ከፍ አለ፤ ከመቶ ዘጠና ገባ። ዳይሬክተሩ ደስ ብሏቸው ውጤቱን በትልቁ አሳትመው መግቢያው ላይ ለጠፉት። የአማቴ ፊት ግን አልተፈታም። ንብረት ክፍል ወርደው ሲጠይቁ፣ የሚወጣው ሳሙና ከድሮው አልጨመረም። ታዲያ ያ ሁሉ እጅ በምን ታጠበ? ነገሩ ገባቸው። እሳቸው በር ላይ ብቅ ሲሉ ቧንቧው ይከፈታል፣ ዞር ሲሉ ይዘጋል።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብተው «ይህ ቁጥር የለካው የእኔን መግባትና መውጣት ነው፤ ይነሳልኝ» አሉ። ዳይሬክተሩ አኮረፉ፣ ግን አስነሱት። ምስጋናዬን ከግድግዳ አውርዱልኝ የሚል ሰው መቼም በየቀኑ አይገኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ወዲያ ተደብቆ መሰለል ይጀምር ነበር። እሳቸው ሰዎቹን ከመክሰስ ይልቅ ጠየቋቸው። ለካ አዋላጆቹ የሚታጠቡበት ቧንቧ ያለው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ምጥ የያዛትን ሴት ትቶ እዚያ ድረስ የሚሄድ ማን አለ? ተጨቃጭቀው ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ቧንቧ አስገቡ፤ በየአልጋው ራስጌ የእጅ ማጽጃ አሰቀሉ። ቁስላቸው የሚያመረቅዝ እናቶች እየቀነሱ መጡ፤ ሳሙናውም ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። ሳሙና አለቀ ሲባል የሚደሰት ሰው ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አልሆነላቸውም። የጽዳት ሠራተኛዋ ሐኪሙን፣ ጀማሪዋ ነርስ አለቃዋን «እጅዎን አልታጠቡም» እንድትል ይፈልጉ ነበር። ማን አፉን ይከፍታል? ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ባለቤቴን ምጥ ሲይዛት እኔ ስሌቴን ጨርሼ ነበር። አማቴ አብረዋት ገብተው አጠገቧ ይቆማሉ፣ እሳቸው ባሉበት ሁሉም ይታጠባል፣ ሚስቴም ልጄም በደህና ይወጣሉ። ማዋለጃው በር ላይ ስንደርስ ግን አማቴ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ቁጭ አሉ።

«እማዬ፣ አይገቡም እንዴ?»

«አልገባም።»

«ልጅዎ እኮ ናት።»

«ልጄማ ናት። እኔ ስለቆምኩ ብቻ የሚታጠቡ ከሆነ፣ እናቷ ደጅ የቀረችባት ሴት ምን ሊውጣት ነው?»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ መሞከሪያው የእኔ ሚስት ትሁን?» አልኳቸው።

«ሙከራ አይደለም። ባላምናቸው ኖሮ እዚህ አላመጣትም ነበር።» እንዲህ ይበሉ እንጂ የባለቤቴ ጩኸት በተሰማ ቁጥር ብድግ ይላሉ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ሰው ከራሱ ጋር እንዲህ ሲታገል አይቼ አላውቅም። ንዴቴ ሳላውቀው በረደና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ከልቤ አዘንኩላቸው፤ ከልቤም አከበርኳቸው።

ብዙ ከቆየን በኋላ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። በሩ ተከፈተና አዋላጇ፣ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት ወጣት፣ ልጄን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች። «ሴት ናት፤ እናቲቱም ደህና ናት» አለችን። አማቴ ብድግ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ቆጠራውም ሳሙናውም ከአእምሯቸው ጠፍቶ አያት ብቻ ሆነው ነበር።

አዋላጇ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። ድምፅዋ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

«ሲስተር፣ መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ።»

አማቴ አዋላጇን ትክ ብለው አዩዋትና ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው ቧንቧ ሄዱ። ሲቆዩብኝ ተከተልኳቸው። ውሃው ይወርዳል፣ እሳቸው ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብለው ያለቅሳሉ።

«እማዬ፣ ተቀየሟት እንዴ?»

«ምን እቀየማታለሁ ልጄ» አሉኝ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው እያሹ። «እንዲህ የሚለኝ ሰው ስጠብቅ እኮ ነው ያረጀሁት።»