ቡታጅራ ላይ የቆረጥኩት መስመር

ወልቂጤ፣ ከጅማው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የአምስት የግል ላቦራቶሪዎችን ውጤት የሚቀበል ሰርቨር ነበረን። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከቡታጅራም ሆነ ከቡኢ አንድ ኮምፒውተር ሲገናኝ ሰርቨሩ እሱን ብቻ የሚያስተናግድ፣ ትሬድ የሚባል አንድ የፕሮግራሙ ሠራተኛ ይመድብለታል።

ችግሩ መብራት ነበር። ቡኢ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ሳይሰናበት ድርግም ይላል። እኔ ጋ ያለው ትሬድ ግን ይህን አያውቅም፤ ባዶ መስመር ይዞ ይጠብቃል። እንዲህ የሚጠብቁት ሲበዙ ሰርቨሩ አዲስ ሰው አልቀበልም ይላል፣ ስልኬም ይጮሃል። አንድ ሰኞ ተናድጄ መቆጣጠሪያ ጻፍኩ፦ ሁለት ደቂቃ ዝም ያለ መስመር ሁሉ ይቆረጥ። ሰርቨሩ ቀለለው፣ ስልኩ ጸጥ አለ፣ እኔም ኮራሁ።

ከሁለት ወር በኋላ የሰርቨሩን መዝገብ ሳገላብጥ፣ ከተቆረጡት አብዛኞቹ የቡታጅራ ሆነው አገኘኋቸው። ሁሌም ረፋድ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ መቆረጡ ድንገት ቆሟል። ኔትወርኩን ማን አስተካከለው ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። እኔ የማውቀው ግን አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ነበር፤ ፕሮግራሙን ስንጭን «ልጄ፣ ቀስ ብለህ አስረዳኝ» ያሉኝ።

«ጋሼስ?» አልኳት።

«ዕቃ ክፍል ተዛውረዋል። ኮምፒውተሩ እምቢ አላቸው።»

ከጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የጓንት ካርቶን ሲደረድሩ አገኘኋቸው። ሰላምታዬን በፈገግታ ተቀበሉ።

«ያንተ ዕቃ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ገና ሳልጠይቃቸው። «ዓይኔ ደክሟል። የሰው ደም ውጤት ነው፤ ሁለቴ ሳላይ አልጽፍም። ወረቀቱን አይቼ ቀና ስል የጻፍኩት ይጠፋል። እንደገና እጀምራለሁ፣ እንደገና ይጠፋል።»

«ለምን አልደወሉልኝም?»

«ምን ብዬ? አርጅቻለሁ ብዬ?»

«ጋሼ፣ የምቆርጠው እኔ ነኝ። ሁለት ደቂቃ ዝም ሲሉ መስመሩ የሞተ መስሎኝ ነው።»

ካርቶኑን እንደያዙ አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«እያነበብኩ ነበር» አሉ።

ወልቂጤ ተመልሼ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርኩ። የላቦራቶሪዎቹ ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ዝም ቢልም በየሠላሳ ሴኮንዱ «አለሁ» የምትል አጭር መልእክት እንዲልክ አደረግኩ። መልእክቷ ደጋግማ ከቀረች ብቻ ነው መስመሩ ሞተ የሚባለው። አቆራረጡንም ቀየርኩ። መቆጣጠሪያው ራሱ መስመሩን ከዘጋው፣ ትሬዱ ገና ሳያውቅ ያው የመስመር ቁጥር ወዲያው ለሌላ ላቦራቶሪ ሊሰጥና የአንዱ ውጤት ለሌላው ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው በመስመሩ ላይ ያለውን ንግግር ብቻ ያስቆማል፤ የመስመሩ ባለቤት የሆነው ትሬድ ይነቃል፣ ተጽፎ ያላለቀውን ያስቀምጣል፣ ከዚያ ራሱ ይዘጋል። ገመድ እየነቀልኩ ደጋግሜ ሞከርኩት። ሠራ።

ለላቦራቶሪው ባለቤት ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሽማግሌውን ወደ ቦታቸው እንዲመልስ ለመንኩት።

«ገብቶኛል» አለ። «ግን ልጅቷ ፈጣን ናት። አሁን እሷን የት ላድርጋት?»

ጥፋቱ የእሷም አይደለም።

ከዚያ በኋላ ቡታጅራ ስሄድ ዕቃ ክፍሉ ተቆልፏል። መስቃን ገጠር፣ ልጃቸው ጋ ገብተዋል አሉኝ። መንገድ ዳር ቆሜ ደወልኩላቸው። ድምፄን ወዲያው ለዩት።

«እዚህ ኮምፒውተር የለም፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው ሳቁ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስለ ጤንነቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ዝናቡ ነገሩኝ፣ በርበሬው ዘንድሮ እንዴት እንደያዘላቸው ረጅም ሰዓት አወሩልኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር የደወልኩት። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ ሳልለው ተሰነባበትን።