የተጠባባቂዎቹ ድምፅ

ጎርናናዋ ያልናት እኛ ነን። እሷም አልከፋትም፤ እንዲያውም ስልክ ስታነሳ «ጎርናናዋ ነኝ» ትል ነበር። ወፈር ያለ፣ ከሆዷ የሚወጣ፣ ያንቀላፋን ሰው ከወንበሩ ቀና የሚያደርግ ድምፅ ነበራት። የምንሠራው የልጆች የካርቱን ፊልም ወደ ቋንቋችን የሚመለስበት ቤት ውስጥ ነው። ፊልሙ ላይ የሚሰሙት ግን ሌሎች ናቸው። እኛ ጠራጊዎች ነን።

ጠራጊ ማለት እንዲህ ነው። ዋናዎቹ ተዋንያን ሥራ ይበዛባቸዋል። የሥዕሉን ከንፈር ሲያጠኑ እንዳይውሉ፣ እኛ ቀድመን ገብተን ንግግሩን ከከንፈሩ ጋር እያገጣጠምን እንቀዳለን። እነሱ ሲመጡ የኛን በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ በላዩ ይናገራሉ። ሲያበቁ የኛ ይደመሰሳል። መንገዱን ጠርገን ለባለመኪና እንለቃለን ማለት ነው። ጎርናናዋ በዚህ ሥራ ፀጉሯ ሸብቷል፤ አንዲት ቃሏ ግን በቴሌቪዥን ተሰምታ አታውቅም።

አባቷ ዓይናቸው የጠፋ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ሌላ ሰው የላቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ፊልሙ ሲጀምር ወንበራቸውን ቴሌቪዥኑ ሥር አስጠግተው ያዳምጣሉ። ልጃቸው ከሥራ ስትገባ «ዛሬ ንግሥቲቱ አንቺ ነሽ አይደል? ወይ እናቴ፣ አንጀቴን አራስሽው» ይሏታል። ንግሥቲቱ ግን ዋናዋ ተዋናይት ናት። ጎርናናዋ መጀመሪያ ላይ ልታርማቸው አስባ ነበር፤ ደስ ሲላቸው አይታ ተወችው። «አዛውንት ሰው ደስ ካለው እኔ ምን ቸገረኝ» አለችኝ አንድ ቀን። እንደቸገራት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ሕመሟን በጊዜው ማንኛችንም አላወቅነውም። ይህን ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ድምፅ እናውቃለን ብለን የምንኮራ ሰዎች፣ ድምፅዋ እየሻከረ ሲሄድ አጨበጨብንላት። ቀረጻውን የምትመራው አዘጋጃችን «ዛሬ ደግሞ እንዴት ያምራል» ትላት ነበር። ሌላ ሰው ድምፁ ቢጎረንን ሐኪም ቤት ይሮጣል። ጎርናና ተብላ የተሰየመች ሴት «ጎረነንኩ» ብላ የት ትሂድ? ውሃ አልወርድ ሲላት ሄደች። ሐኪሙም ጉሮሮዋ ውስጥ የበቀለው ነገር መውጣት እንዳለበት፣ ከእሱ ጋር ድምፅዋም እንደሚሄድ ነገራት። ለኛ እውነቱን ነገረችን፤ ለአባቷ ግን «ትንሽ ነገር ናት፤ ቁስሉ እስኪሽር ዝም እላለሁ» ብቻ አለቻቸው።

ዋናዎቹ ለመድረክ ሥራ ባሕር ተሻግረው በቀጠሯቸው ሳይመለሱ የቀሩት በዚያው ሰሞን ነው። ፊልሙ የሚተላለፍበት ቀን ደግሞ ደርሷል። አዘጋጇ ጽሑፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና «እናንተው ሥሩት» አለች።

«እንጠርገው ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«አይ። የሚተላለፈው የናንተ ነው።»

ይህ የፊልሙ ክፍል ስለ ተጠባባቂ ጀግኖች ነው። ታላላቆቹ ጀግኖች የጠላት ወጥመድ ውስጥ ይገቡና፣ ምድር ቤት ተቀምጠው የእነሱን ጫማ ሲወለውሉ የኖሩት ተጠባባቂዎች ይጠራሉ። አንዱ መብረር ይችላል፤ ወደ ታች ብቻ። አንዱ ነገ የሚሆነውን የሚያውቅ ውሻ ነው፤ መናገር ግን አይችልም። መሪያቸው አሮጊት ናት። ተራራ ታነሳለች፤ ሰው እያያት ከሆነ ግን ማንኪያም አትነሳላትም። ውሻው እኔ ነበርኩ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ እኔም እዚያ ቤት ስጮኽ ኖሬያለሁ። አሮጊቷ ጎርናናዋ ሆነች።

ትልቁ የመቅጃ ክፍል ባዶ ነበር። የድምፅ ባለሙያችን ግን በሩን ከፍቶ ያስገባን የለመድነው ትንሹ ክፍል ውስጥ ነው፤ ምንጣፉ የተላጠ፣ የሰው ትከሻ ከትከሻ የሚጋጭበት። «ወደዚያኛው እንሂድ እንጂ» ስለው፣ ጎርናናዋ ራሷ «ተወው ወንድሜ፣ በለመድነው ይሻለናል» አለች። እሱም እንደ ልማዱ የኛ ድምፅ ብቻ የሚቀመጥበትን የጠራጊዎቹን መስመር ከፍቶ ቀዳን።

አንድ ትዕይንት አለ። ድልድዩ እየተሰነጠቀ ነው፤ ሰው ሞልቶበታል፤ ሁሉም አሮጊቷ ላይ አፍጥጧል። እሷም «ዓይናችሁን ጨፍኑ። አታምኑኝም፤ ግን ጨፍኑ። ይዤዋለሁ» ትላለች። ጎርናናዋ ይህን ስትል እኔ እውነቴን ነው ዓይኔን ጨፈንኩ። ጉሮሮዋ እንደሚያማት አውቃለሁ። ለእያንዳንዷ ቃል ምራቋን በግድ እየዋጠች ነው የተናገረችው። ስትጨርስ አዘጋጇ በመስታወቱ ማዶ አፏን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። አይደገም አለች።

ቀዶ ሕክምናዋ በማግስቱ ነበር። ስንወጣ «እትዬ፣ ለአባባ የሚሆን ለብቻው ትንሽ ነገር ልቅዳልሽ? ስልኬ ይቀዳል» አልኳት።

«ምን ብዬ? ኑዛዜ ይመስላል እኮ» አለች። «ለሱ ይሄ ይበቃዋል። ድምፄን ሲፈልግ ይሄን ደጋግሞ ይስማው። ሥራዬን ነው የምተውለት።» በዚያው ቀን ቤት ገብታ «አባዬ፣ በሚመጣው ቅዳሜ አሮጊቷ እኔ ነኝ» ብላቸዋለች። ራሷ አፍ አውጥታ «እኔ ነኝ» ስትላቸው ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ የሆነውን ለማንም ብናገር አይገባውም፤ የገባን እኛ ብቻ ነን። የድምፅ ባለሙያው ዕቃውን ሰብስቦ፣ መብራቱን አጥፍቶ ከመውጣቱ በፊት የጠራጊዎቹን መስመር ደመሰሰ። ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው። እጁ ነው ያደረገው፤ ጭንቅላቱ አልነበረበትም። ሰው ከቤቱ ሲወጣ በር እንደሚዘጋው ማለት ነው። ጧት ሥራ ሊጀምር ሲል አየው። ደውሎልኝ «ጠፋ» ብቻ አለኝ። ምኑ እንደጠፋ አልጠየቅኩትም፤ ከድምፁ ገባኝ። እሷ በዚያ ሰዓት ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነበረች።

ሰውየውን ልሰድበው ሄጄ ነበር። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ የሌለውን ነገር እየፈለገ፣ ጥፍሩን እስኪደማ በልቶት አገኘሁት።

ዋናዎቹ በመጨረሻው ሰዓት ደረሱና በጥድፊያ እንደገና ቀዱት። ከኛ የተረፈው የኔ የውሻ ጩኸት ብቻ ነው፤ የእንስሳ ድምፅ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነውና። ሆስፒታል ሄጄ የነገርኳት እኔ ነኝ። አንገቷ ላይ ትንሽ ቱቦ ነበር። አፏን ከፈተች፤ በቱቦው አየር ብቻ ሽው ብሎ ወጣ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ስባ ወደ ግድግዳው ዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው አብሬ እንድሆን በጽሑፍ መልእክት ጠራችኝ። ከሆስፒታል የወጣችው በዋዜማው ነው። አባቷ ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ፂማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው ጠበቁኝ። አባትና ልጅ መግባቢያ አበጅተው ነበር፤ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እሷ መዳፋቸውን በጣቷ ትነካለች። አንዴ ከሆነ አዎ፣ ሁለቴ ከሆነ አይደለም። ዓይን ከሌለው ሰው ጋር ድምፅ የሌላት ሰው ሌላ ምን ቋንቋ አላት?

ፊልሙ ተጀመረ። ዋናዋ ጥሩ አድርጋ ሠርታዋለች፤ መዋሸት አልችልም፤ ይህም ለብቻው አናደደኝ። ውሻው ሲጮኽ ሽማግሌው ሳቁ። «ይሄ አንተ ነህ» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አልሳቁም። አሮጊቷ በተናገረች ቁጥር ጆሯቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዘነብላሉ፤ ይመልሳሉ። ድልድዩ ተነሳ፤ ሰዉ ዳነ፤ ፊልሙም አለቀ።

«ዝጉት» አሉ። ዘጋሁት።

«አንቺ የለሽበትም» አሉ ወደ እሷ ዞረው። «ሌላም ጊዜ አልነበርሽበትም። ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋው ጆሮዬ እኮ አልጠፋም። ንግሥቲቷ ምናምን እያልኩ ስቀባጥር የኖርኩት ሥራሽ እንዳያስከፋሽ ብዬ ነው። ይሄኛውን ግን ራስሽ ነሽ እኔ ነኝ ያልሽኝ።»

እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዝም ማለት አቃተኝ።

«አባባ፣ ቀድታው ነበር። እኔም ነበርኩ። እንደሱ ያለ ሰምቼ አላውቅም። በስህተት ተደመሰሰ።»

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

እጃቸውን በአየር ላይ እየዳበሱ እጇን ፈልገው ያዙ። «ግድ የለም» አሉ። «የጠፋ ቢጠፋ ባለቤቷ አለች። ቁስሉ ሲሽር እዚሁ ተቀምጠሽ ለኔ ለብቻዬ ትይልኛለሽ። እንዲያውም ቴሌቪዥን ከሚሰማው እኔ ብሰማው ይሻለኛል።» መዳፋቸውን ዘረጉላት። «ድምፅሽ ይመለሳል አይደል፣ እናቴ?»

ወደኔ አየች። ልናገርላት አፌን ስከፍት ራሷን ነቀነቀችብኝ።

መዳፋቸውን አንዴ ነካች። የሽማግሌው ፊት ሲፈካ አየሁ፤ ጣቶቻቸውንም እጇ ላይ መዝጋት ጀመሩ። ከዚያ ሁለተኛውን ነካች።