እማዬ ጥቅሏን ከሌባ ያዳነችበት ቀን

ትናንት ጠዋት አሽቀሎን ከተማ፣ ከጀልባ ማቆሚያው ከማሪና አጠገብ በምሠራበት የጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ እየመዘገብኩ ሳለ እማዬ ደወለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

«ሰው ሁሉ ከሱቁ ወጣ። ፖሊስም መጥቷል።»

«የምን ሱቅ? ምን ሆነሽ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ... ጥቅሉን ልልክ መጥቼ ነው። ቶሎ ነይ። ግን እንዳትሮጪ፣ ሰው ያይሻል።»

ቀጠሮውን ትቼ ወጣሁ። ጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ወደ እስራኤል ለመምጣት በእግሯ ወደ ሱዳን ስትሻገር ይዛው የወጣችው ንብረት ቢባል የወርቅ ጉትቻዋ ብቻ ነው። ስትሞት «ከልጅ ልጆቼ መጀመሪያ ለምታገባዋ ይሰጥ» ብላ ተናዘዘች። እኔ ሳማርጥ ሰሜን ናሃሪያ ከተማ ያለችው የአጎቴ ልጅ ቀደመችኝ። ሠርጓ ደርሷል፣ ጉትቻው ደግሞ እማዬ ጋ እዚህ ደቡብ አሽቀሎን ነው።

«እኔ ላድርስላት» አልኳት።

«አንቺ? ስልክሽን አውቶቡስ ላይ ረስተሽ የምትወርጂው?» አለችኝ።

በጥቅል እንዳትልከው ደግሞ የሰፈራችን ዋትሳፕ አለ። እኛ ሰፈር ግቫት ጺዮን ውስጥ ጥቅሉ ከበር ላይ የተወሰደበት ሁሉ እዚያ ነው የሚያለቅሰው። እሱን ማታ ማታ የማነብላት እኔ ነኝ... ምናለ አፌን በቆረጠው።

«አይዞሽ፣ እኔ የእናቴን ዘዴ አውቃለሁ» አለች።

የአያቴ ዘዴ ይሄ ነበር። ጉትቻውን የበርበሬ ስልቻ ውስጥ ቀበረችው። ስልቻውን የሌላ ሰው አህያ ላይ ጫነችው። ከዚያ እሷ ያኔ ልጅ የነበረችውን እማዬን ይዛ ምንም እንደማያገባት ሰው ኋላ ኋላ ትከተላለች። መንገድ ላይ ሽፍቶች መጡ፣ «የማን ነው?» እያሉ ጠየቁ፣ ማንም የኔ ነው አላለም፣ አንዱ እጁን ስልቻው ውስጥ ከተተ፣ በዚያው እጁ ዓይኑን አሸ፣ እየተሳደቡ ሄዱ። ጉትቻው ተረፈ።

እማዬም ጉትቻውን በርበሬ ውስጥ ቀበረች። የወንድሜን አሮጌ የወታደር ሱሪ አንዱን እግር ቆርጣ በርበሬውን እዚያ ውስጥ ሰፋችው። እንዳይፈታ ላዩን በኤሌክትሪክ ሽቦ ጠፈረችው። ስም የሚባል አልጻፈችበትም። የማን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ ለባለሱቁ በጆሮው ልትነግረው አስባለች።

የስልክ መሸፈኛ እየሸጠ ጥቅልም የሚቀበለው ሱቅ ገብታ ተራ ስትጠብቅ ታዲያ አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ጥቅሉን አየባት። አየ ማለት... ዓይኑ አረፈበት። በቃ። እማዬ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ጥቅሉን ጥግ ካለው የአበባ ማሰሮ ጀርባ አስቀመጠችው፣ ማዶ ሄዳ ተቀመጠችና ጣራ ጣራውን ታይ ጀመር።

እስራኤል አገር ውስጥ ሰው ፈጽሞ ማድረግ የሌለበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ባለሱቁ ጥቅሉን ሲያየው «ሼል ሚ ዜ?» አለ፣ የማን ነው ማለቱ ነው። ጮክ ብሎ ደገመው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እማዬም አብራ ተያየች። አንዷ «ሄፌጽ ሐሹድ!» ብላ ጮኸች... ባለቤቱ ያልታወቀ አጠራጣሪ ዕቃ፣ ፈንጂ ሊሆን ይችላል ማለቷ ነው። ሱቁ ወዲያው ባዶ ሆነ።

እኔ ስደርስ መንገዱ በፖሊስ ሪባን ታጥሯል። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ሰው መሃል ቆማለች። ይባስ ብሎ አንዲት የደነገጠች ሩሲያዊት አቅፋ ታጽናናለች።

«ጥቅሉስ?» አልኳት ጆሮዋ ሥር።

«ውስጥ ነው። አሁንማ ምን ሌባ ይነካዋል፣ ፖሊስ እየጠበቀልኝ።»

ቀና ስል የፈንጂ አምካኞቹ ሮቦት በበሩ እየገባ ነው። በሪባኑ ሥር አጎንብሼ ወደ ፖሊሱ ሮጥኩ። «የእናቴ ነው፣ በርበሬ ነው፣ እባክህ አስቁመው...» እያልኩት ሮቦቱ ጥቅሉ ላይ ተኮሰ።

ቀጥሎ ከበሩ ቀይ ደመና እየተንከባለለ ወጣ። ፖሊሱ አስነጠሰ። ከዚያ የአምቡላንሱ ሹፌር። ከዚያ መንገዱ በሙሉ። አጠገባችን የቆሙ አንድ አባባ እንባቸው እየወረደ አየሩን ሳብ አደረጉና «የማን እጅ ነው? ኮረሪማው አልበዛም፣ ልክ ነው» አሉ። እማዬ አንገቷን ደፋች፣ ግን ደስ ብሏታል።

እኔ አለቀስኩ፣ በበርበሬው ብቻ አይደለም። ያን ሁሉ በረሃ ያለፈ ጉትቻ ግቫት ጺዮን መጥቶ የስልክ መሸፈኛ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ሲያልቅ አንጀቴን በላኝ።

ያኔ ሮቦቱ ወጣ። ከላይ እስከ ታች ቀልቷል። ክንዱ ጫፍ ላይ፣ ከእማዬ ሽቦ ጋር ተጠላልፎ፣ አንድ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል። ሮቦቱ የአያቴን አንዱን ጉትቻ አድርጎ ነው የወጣው።

እማዬ እልል ልትል ስትል አስነጠሳት።

ሁለተኛውን ጉትቻ ፈንጂ አምካኙ ከአበባው ማሰሮ ውስጥ አገኘው። ትንሽ ጎበጥ ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም። ሰውዬው ሁለቱንም መዳፉ ላይ ይዞ እማዬ ፊት ቆመ። ዓይኑ ደም መስሏል፣ አፍንጫው ይፈሳል።

«ጊቬሬት» አላት በዕብራይስጥ፣ ወይዘሮ ማለቱ ነው፣ «ባለሱቁ ደጋግሞ የማን ነው እያለ ሲጠይቅ ለምን የኔ ነው አላልሽም?»

እማዬ ጉትቻዎቹን ከእጁ ወስዳ ጆሮዋ ላይ አደረገቻቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ንገሪው» አለችኝ። «ሽፍቶቹም ልክ እንደሱ ነበር የጠየቁን።»

እኔም «በጣም ይቅርታ ትላለች» ብዬ ተረጎምኩለት።